ያየ፣ እሱ ሰበረ

ባለፈው ሰኞ ከአምስት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ ታክሲው ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከመሪው ፊት ያለችውን ቀይ መብራት በፕላስተር ሸፍኗታል። «ምን ሆና ነው?» አልኩት። «ነገረኛ ናት አባባ፤ ዝም ብላ ትበራለች» ብሎኝ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ፒያሳ ሳልደርስ ወረድኩና በእግሬ ጨረስኩት።

ወጣት ሳለሁ ከአፍንጮ በር ቁልቁል በነበረ የፓስታ ፋብሪካ እሠራ ነበር። አሁን ፈርሷል። ፊደል ቆጥሬ ብዙም አልገፋሁም፤ ሥራዬ የማሽኖቹ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ፊት ቆሜ መብራትና የመለኪያ መርፌ ማየት ነበር። ሰሌዳው ላይ አንዲት ሳጥን ነበረች። በሽቦ ኤሌክትሪክ ትልካለች፤ ብዙ ከላከች የእንፋሎቱ ቫልቭ ይጠባል፣ ትንሽ ከላከች በሰፊው ይከፈታል። የማካሮኒው ማድረቂያ ክፍል ሙቀት የሚገዛው በዚህ ነው። ሽቦው ከላላ ወይም ከተበጠሰ ቫልቩ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ የላከችው እንዳልደረሰ ራሷ ታውቃለች፤ ቀይ መብራት ታበራለች። መርፌው ግን የታዘዘውን እንጂ የሆነውን አያሳይም።

ፋብሪካው የራሱ ሕግ ነበረው፦ ያየ፣ እሱ ሰበረ። ብልሽት የተናገረ ሰው እንዳበላሸ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁሉም አይቶ እንዳላየ ሆኖ ለሚቀጥለው ፈረቃ ይተወዋል። ይኼን ሕግ ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ኋላ በዞርኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ ግን አገኘሁት።

የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ አንድ ከሰዓት ቀይዋ መብራት በራች። ማድረቂያ ክፍሉ ገብቶ መደርደሪያ የሚያወጣው ጓደኛዬ ሽኩር ነው። ሚስቱ የምትልክለትን ቆጮና አይብ ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። መርፌው ቫልቩ ተዘግቷል ይላል፤ ሽኩርም ሊገባ የበሩን እጀታ ይዟል።

«አትግባ፤ መብራቷ በርታለች።»

«ተወው ባክህ፣ ፈረቃችን ሊያልቅ ነው። የሚመጡት ያግኙት።»

«እነሱ ያግኙት፤ የምትቃጠለው ግን አንተ ነህ።»

«አይ አንተና ግትርነትህ!»

እጁን ከበሩ አላቅቄ፣ እንፋሎቱን በእጅ ዘግቼ፣ አለቃችንን አቶ ደምሴን ጠራሁ። ክፍሉ ቀዝቀዝ ብሎ ሲከፈት ማካሮኒው እንደ ቆሎ ተጠብሷል። ያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የሽኩር ፊት አመድ መሰለ።

አቶ ደምሴ ያዩት ማካሮኒውን ብቻ ነው። «ሽቦውን ማን ነካው?»

«ማንም አልነካውም። የተናገረችው መብራቷ ናት።»

«መብራት አፍ የለውም። አፍ ያለህ አንተ ነህ።» ወደ ሽኩር ዞሩ። «አጠገቡ ነበርክ። ነክቷል አልነካም?»

ሽኩር ልጅ የተወለደለት በዚያው ሰሞን ነው። መሬት መሬት አየ። «አላየሁም» አለ።

በቃ፣ ይኼው ነው። ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ተባልኩ። በዝናቡ ዳገቱን ስወጣ አንዲት ሴት የበቆሎ እሸት ትጠብስ ነበር፤ ገዝቼ እጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ይዤው ሄድኩ።

ሽኩር ዛሬም አፍንጮ በር ነው፤ ዕድራችን አንድ ነው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ቦታ ይይዝልኛል። ገላው ጠባሳ የለውም፤ በዚህ ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው። የሚከፋኝ በሥራው አይደለም፤ ሥራ ሌላ አገኘሁ። «አልነካም» የምትል አንዲት ቃል ናት የቀረችብኝ። እኔ ላላነሳው ምያለሁ፤ እሱ ደግሞ ያፍራል መሰለኝ። ሁለታችንም አርጅተናል።

አንዳንዴ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ አፉን ይከፍታል። እጠብቃለሁ።

«ዘንድሮ ክረምቱ በረታ» ይላል።

«በረታ» እላለሁ።