ሜሞሪ፣ ሳህንና የእህቴ ሠርግ

ፕሮግራም እየጻፍኩ በኖርኩባቸው ዓመታት ከሠራኋቸው ነገሮች አንዱ የኮምፒውተር ሜሞሪ የሚያድል ላይብረሪ ነው፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች በየሥራቸው ውስጥ እንዲጠቀሙበት የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ትንሽ የሜሞሪ ቦታ በፈለገ ቁጥር ሲስተሙን ደጅ ቢጠና ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ገና ሲነሣ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ይይዝና እኩል እኩል ቆርጦ ይከምረዋል። የፈለገ ከክምሩ ያነሣል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። የትኛው ቁራጭ የማን እንደነበር የሚጠይቅ የለም።

ይህን ከመጻሕፍት የተማርኩት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። መጻሕፍቱን አንብቤያለሁ፤ አብዛኞቹ ያሰለቻሉ። እኔ ሐሳቡን የሞከርኩት በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት፣ በእህቴ ሠርግ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ሠርግ ሲደገስ ሳህን የሚመጣው ከጎረቤት ነበር። የሁሉም ቤት ሳህን ያው አበባ የተሳለበት ነጭ የብረት ሳህን ስለሆነ ሴቶቹ ሥሩ ላይ ምልክት ያደርጉበታል፤ አንዷ የቀይ ቀለም ነጥብ፣ ሌላዋ የሚስማር ጭረት። ድግሱ ካለፈ በኋላ ሳህን እየገለበጡ «ይቺ የማን ናት?» ሲባባሉ መዋል ነው። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት የመጣሁ፣ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብና ካነበብኩት ጋር ሁሉ የምጣላ ጎረምሳ ነበርኩ። ቀበሌው በድምፅ ማጉያ መሬቱም ወፍጮውም የጋራ ነው እያለ ጧት ማታ ያደነቁረናል፤ የጋራ ሳይሆን የቀረው ሳህን ብቻ ነው።

«ሳህኑን ለእኔ ተዉት» አልኳት እናቴን።

«ያስተማርንህ ለዚህ ከሆነ ምን ይደረጋል» አለች።

የሰፈሩን ሳህን ጠራርጌ ሰብስቤ ዳሱ ጥግ አንድ ላይ ከመርኩት። አስተናጋጆች ከላይ ያነሣሉ፤ አጣቢዎች አጥበው ከላይ ይመልሳሉ። ጧት የገቡት እንግዶች ሳይጉላሉ በልተው ወጡ። ሸዋ ሮቢት እንዲህ የተቀላጠፈ ነገር አይታ አታውቅም።

ከዚያ የአባቴ ባልንጀራ ሚስት መጡ። ባልንጀራው ሙስሊም የእህል ነጋዴ ናቸው። በእኛ አገር ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶች ዳሱ ለብቻ ይጣላል፤ ራሳቸው ያርዳሉ፣ ራሳቸው ይሠራሉ፣ በራሳቸው ሳህን ይበላሉ። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሳህን ስሰበስብ ግን ከእነሱም ቤት ወስጄ እዚያው ክምር ላይ ጨምሬዋለሁ። መጠኑ አንድ ነዋ!

«የእኛ ሳህን የታለ?» አሉ።

«ከዚያ ክምር ይውሰዱ፣ እትዬ።»

«የትኛው ነው የእኛ?»

«ሁሉም የሁሉም ነው።»

አንዱን አንሥተው ገለበጡት። ምልክቱ የራሳቸው ነው። አሸተቱትና መልሰው አስቀመጡት። «የእናንተ ወጥ ተበልቶበታል። ሥጋውም የሁሉም ነው? ተማርኩ ትላለህ ደግሞ!»

በሙስሊሞቹ ቤት የቀረ ሳህን አልነበረም። ከእነሱ መካከል «ካራቆሬ ካሉ ዘመዶቻችን ይምጣ» ያለም ነበር፤ እስኪመጣ ግን ይመሻል። ባልንጀራው በአባቴ ሠርግ ላይ በልተዋል፤ በእህቴ ክርስትና ላይም በልተዋል። አባቴ ነገሩን ሲሰማ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «እሱ ሳይበላ ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም።»

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጥቶ ተቀምጧል። ሙቀቱ የሙሽራዋን ኩል ማቅለጥ ጀምሯል። እህቴ በመጋረጃው ጫፍ ጠራችኝ።

«በአንተ ፍልስፍና ቆሜ ልቅር?»

«ታጥቧል እኮ!»

«ሂድና ለአባባ ንገረው!»

እዚህ ላይ እንድጸጸት የሚጠብቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። አልጸጸትም። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ነው። የጎደለው ሁለተኛ ክምር ብቻ ነው። ላይብረሪውን ስሠራ ለየዓይነቱ የራሱ ክምር ይኑረው ብዬ ድርቅ ስል ባልደረቦቼ «መጠኑ አንድ ከሆነ ምን ይለያቸዋል?» እያሉ ተከራከሩኝ። ሸዋ ሮቢት ባለችበት በይፋት ደግሰው አያውቁም።

የባልንጀራው ሚስት ግን ክርክር አልጠበቁም። ቢላ ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩና ከሙዛችን ሰፋፊ ቅጠል ቆርጠው ተመለሱ። አጥበው በየእንግዳው ፊት ዘረጉ፤ እንጀራው በቅጠሉ ላይ፣ ወጡ በእንጀራው ላይ። ማጠብ የለ፣ መመለስ የለ፤ ሲያልቅ ሁሉም ባንድ ላይ ለፍየል ይጣላል። ይህም በሙያችን የታወቀ ዘዴ ነው፤ ቁራጩን አንድ በአንድ መመለስ ትቶ የያዙትን ቦታ በሙሉ ባንዴ መልቀቅ። እኔ ጋ ለመድረስ ዓመታት ፈጀበት።

ባልንጀራው ቅጠላቸውን አገላብጠው አዩና ወደ አባቴ ዞሩ። «ምነው፣ ፍየል አደረግኸኝ?»

«ድሮስ ምን ነበርክ? ብላ!»

አባቴ በርጩማ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። እሱ ከእነሱ ወጥ አይቀምስም፤ ዓይኑን ግን ከእጃቸው አልነቀለም። እሳቸውም ይህን አይተው ሆን ብለው ተንቀራፈፉ። ውጭ ሚዜዎቹ ያጨበጭባሉ፣ ሹፌሩ ክላክስ ያስጮሃል።

«ሰውዬ፣ ልጅቷ አረጀች እኮ!»

«ቆይ፣ ይቺ አጥንት ገና ናት።»

በመጨረሻ ጣታቸውን ልሰው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በል፣ አሁን ልጃችንን ሸኛት።»

አባቴ ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ። እህቴ ሙሽራ እንደሚገባት አንገቷን ደፍታ ወጣች። በአጠገቤ ስታልፍ፣ አንገቷን ሳታቀና፣ «አንተ ስታገባ ሳህኑን የምይዘው እኔ ነኝ» አለችኝ።