የጋሼ መኮንን ሙጫ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት እንኳ ዘልዬዋለሁ። እናንተ ግን ስሙኝ፤ እንደ ልማዴ ከመጀመሪያው አስረዳለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በምኖርባት ኧርቪንግ ከተማ፣ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ የመስታወት ሥራ አስተምራለሁ። የመስታወት ዱቄት በግራር ሙጫ ውሃ ለውሰን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ እንሥላለን፤ ሲደርቅ ሌላ መስታወት ከድነን፣ ኪልን በምንለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ እናጣብቃቸዋለን። ሙጫው ዱቄቱን ለመያዝ ብቻ ነው። መስታወቶቹ ከመጣበቃቸው በፊት ተቃጥሎ መውጣት አለበት። ስለዚህ ምድጃው ቀስ ብሎ መጋል አለበት። ቀስ ብሎ! ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቅ ነበር?

ጋሼ መኮንን ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። የሟች ባለቤታቸውን ፊት ለልጃቸው ሠርግ ስጦታ ይሥሉ ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ በየወሩም ይብስባቸዋል። «ይቺን ብቻ ልጨርስ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለገው ይንቀጥቀጥ» ይላሉ። የልጃቸው እኩያ ብሆንም «የኔታ» ነው የሚሉኝ።

«ጋሼ፣ የኔታ አለንጋ ይዛ ትምጣልዎት?» ይሏቸዋል ሌሎቹ ተማሪዎች።

የጨረሱ ዕለት «የኔታ፣ ሙጫው በዛ እንዴ?» አሉኝ። አየሁት። «ልክ ነው ጋሼ» አልኩ።

ከዚያስ ምን አደረግሁ? አዲሰን ከተማ ባዛር ላይ የምሸጣቸው የራሴ ሳህኖች ተራ ይጠብቁ ነበር። ምድጃው ቶሎ እንዲለቀቅልኝ ሙቀቱን አፈጠንኩት። እኔ ነኝ ያፈጠንኩት። ስከፍተው ሙጫው ሳይወጣ ከስሎ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ታፍኖ ቀርቷል። የሴትዮዋ ፊት ጥላሸት ለብሷል።

ቅዳሜ ሁሉም ከበው ቆሙ። «ምን ነካው የኔታ?» አሉኝ ጋሼ።

«ሙጫ አብዝተውበታል» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልክ ነው» ያልኩትን አልረሱም። ግን አስተማሪን በተማሪዎቿ ፊት ማሳፈር ለእሳቸው ነውር ነው።

«አዎ፣ ይቺ እጄ ናት» አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ደግመው ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አለ። ልጃቸው ያለ እናቷ ሥዕል ተዳረች።

እዚህ ላይ ያበቃ መሰላችሁ? መስታወቱን «ለማስተማሪያ ይሁንሽ» ብለው ትተውልኝ ሄዱ። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ከመደርደሪያ አወርደዋለሁ። «ሙጫ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል» እላለሁ፤ ብርሃን ላይ እያዞርኩ፣ በደንብ፣ በዝርዝር። ስንት ጊዜ ዋሸሁባቸው?

ሰሞኑን ገበያ ተገናኘን። ለጓደኛቸው «የኔታዬ ናት» ብለው አስተዋወቁኝ። ትከሻቸው ላይ ተሸሽጌ ማልቀስ አማረኝ፤ እሱንም አልደፈርኩም።

ልጅ ነበርኩ፣ ደንግጬ ነው፣ አልልም። አውቄ ነው። ያሳፈርኳቸው በሰው ፊት ነውና፣ በጓዳ ይቅርታ መጠየቅ ሌላ ሽሽት ነው። ትናንት ደውዬ ለቅዳሜ ክፍል ጠራኋቸው። «ምን አጠፋሁ ደግሞ የኔታ?» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ መስታወቱን አወርዳለሁ። ይቅር ማለት የእሳቸው ነው። የእኔ ድርሻ፣ ሁሉም እየሰሙ ይህን መናገር ነው፦ ጋሼ፣ ሙጫው ልክ ነበር።