የኔታ ውሃ እስኪጠጡ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት በፍልሰታ ጾም መጀመሪያ ሳምንት፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። በዋዜማው ከደብረ ወርቅ ቄስ አያሌው ደውለው፣ የኔታ ሽንታቸው መቋረጡንና ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንዳስገቧቸው ነግረውኝ፣ ቶሎ ድረስ አሉኝ። የኔታ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ዜማ ሊያስተምሩኝ ብዙ ደከሙ፤ ድምፄ እንቢ ቢላቸው ነው ጋራዥ የገባሁት። ቄስ አያሌው ግን ተምረው ወጡላቸው፤ ዛሬ የንስሐ አባታቸው ናቸው።

ዓባይ በረሃ

ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ጉም መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ ወሬውን አቁሞ፣ መብራት አብርቶ ቁልቁል ወረደ። መካኒክ ሰው ሲነዳው ጭንቅ ነው፤ እሱ ፍሬን በረገጠ ቁጥር የእኔም እግር ወለሉን ይረግጣል። ድልድዩ ጋ ጉሙ ተገፈፈ። ዓባይ ደፍርሶ፣ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይጋልባል። ስንት ጊዜ አይቼው አሁንም አፌን አስከፈተኝ።

ደጀን ላይ የተጠበሰ በቆሎ በመስኮት ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ቅዳሴ ሳይወጣ መብላቴን አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ግማሹን ባቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ እስከ ደብረ ማርቆስ ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ዝናቡም አላቋረጠም።

ደብረ ማርቆስ

ከመናኸሪያው በባጃጅ ሆስፒታል ደረስኩ። የኔታ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ አገኘኋቸው። ካልጋው ጎን የተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ባዶ ነው።

ነገሩን ቄስ አያሌው አጫወቱኝ። የኔታን ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። እሳቸው ግን ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አልቀምስም ብለው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆማሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ያስገዙትን ማስታገሻ ማታ ማታ ይውጣሉ። ተቅማጡ ቢብስም አልተዉም፤ በመጨረሻ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ወደቁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እኔ የማውቀውን ይዤ፣ የኩላሊታቸው ፊልትሮ ተደፍኖ እንደሁ ጠየቅኳት። ሳቀች።

«ኩላሊት በድንገት የሚያቆመው ወይ ከላይ የሚመጣለት ደም ሲያንሰው፣ ወይ ራሱ ሲጎዳ፣ ወይ ከታች መውጫው ሲዘጋ ነው» አለችኝ። «መውጫቸውን አይተነዋል፣ ክፍት ነው። የእሳቸውን የሰውነት ውሃ ተቅማጡ ጨረሰው። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ደሙን ለልብና ለአንጎል ያስቀድማል። ኩላሊት ያኔ የራሱን የደም መግቢያ ሰፋ አድርጎ ጥቂቱን ደም ይሻማል። ያ ማስታገሻ ደግሞ መግቢያውን እንዳይከፍት ያዘው።»

ይኼ ሁሉ ብልሃት ከወገባችን በላይ ተቀምጦ እኛ አናውቀውም! ይኼን ያህል ዘመን ሞተር ፈትቼ፣ ነዳጅ ሲያጥረው በሩን ራሱ የሚያሰፋ አንድም አላጋጠመኝም።

ግን ሽንት ካልመጣ በደማቸው የሚጠራቀመው ጨው ልብ ሊያቆም ይችላል፤ ያኔ ደም ወደሚያጣራ ማሽን መላክ ግድ ነው አለች። ጉሉኮስ ተሰክቶላቸዋል፤ በአፋቸውም መጠጣት አለባቸው። የኔታ ግን ከንፈራቸውን ገጥመዋል። አልፈው ተርፈውም የጉሉኮሱን ቱቦ እያዩ፣ ይኼስ ጾም መግደፍ አይደለም ወይ ብለው መርፌውን ሊነቅሉት እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ተቆጣሁ፤ ለመንኩ፤ አልሰሙኝም።

ቄስ አያሌው መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። «የኔታ፣ ሕመምተኛ ይጠጣ፣ ጾም የተሠራው ለሰው ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ለተማሪ ያልከለከሉትን ለራስዎ ለምን ይከለክላሉ? እኔ ፈትቻለሁ።»

የኔታ መስቀሉን ተሳለሙ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። ኩባያውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ከሰዓት ቄስ አያሌውና እኔ ያንን ከረጢት እንደ ታቦት ከበን ቆመናል። ቱቦው ውስጥ ጥቁር ቢጫ ነገር ታየ፤ ጠብ አለ። ቄሱ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። እኔ አለቀስኩ። ሰው በሽንት ያለቅሳል ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ሐኪሟ በየቀኑ ደማቸውን ትመረምራለች፤ በየቀኑ ይሻላቸዋል። ውሃ ሳያገኙ ብዙ ቢቆዩ ኖሮ የኩላሊቱ ቀጫጭን ቧንቧዎች የውስጥ ሽፋናቸው ይረግፍ ነበር፤ ያም ቢሆን ጊዜ ካገኘ ብዙውን ጊዜ መልሶ ይተካል አለችኝ። ወይ የእግዜር ሥራ! እኔ ጋ የተበላሸ ፊልትሮ ይጣላል እንጂ ማን ራሱን ይጠግናል?

ደብረ ወርቅ

ሐኪሟ ስትሸኘን የኔታ ያን ማስታገሻ እንዳይነኩ፣ ውሃ ሳይጠጡም እንዳይውሉ አስጠነቀቀቻቸው። በደጀን፣ በቢቸና አድርገን ስንመለስ ፍልሰታ ገና አልተፈታም። ቢቸናን ስናልፍ የኔታ፣ ተማሪዎቹ ፊት እንዴት አድርጌ እጠጣለሁ አሉኝ። ጓዳ ገብተው ይጠጡ አልኳቸው።

ጉባኤ ቤቱ በር ላይ ተማሪዎቹ ተሰብስበው እግራቸውን ሳሙ። ረፋድ ነው፤ ቅዳሴ ገና አልተገባም። የኔታ መደባቸው ላይ ተቀመጡና ውሃ አምጣ አሉኝ። ጓዳውን በዓይኔ ባሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀዳሁላቸው። ሁሉም እያያቸው፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡት።

«አይታችኋል? ከእናንተም የታመመ እንዲህ ይጠጣል» አሉ። ከዚያ ትምህርቱን ቀጠሉ።

መመለስ

አዲስ አበባ የገባሁት ዝናብ እየዘነበ ነው። በማግስቱ ጋራዥ ስገባ የመኪና ሆድ ዕቃ ጅል መሰለኝ። ጉዞው ያስተማረኝ ይኼን ነው፤ ሰው ሳያውቀው የሚደክምለት ብዙ ነገር በሆዱ ይዞ ይዞራል፣ የሚጠይቀውም ጥቂት ነው።

የኔታ ድሮ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ፣ ጾመሃል ወይ ብለው ነበር። አሁን ስልኩን ሳነሳ ሰላምታውንም አያስቀድሙም።

«ልጄ፣ ውሃ ጠጥተሃል?»