የወንጭፍ ርቀት

ጓደኛዬ ነገረኛ ነበር። ቡራዩ ውስጥ በምናዘወትራት ጌም ቤት ስለ ጥንት ጦርነት አንድ የኮምፒውተር ጌም ነበረ። ሰው ሁሉ ለፈረሰኛና ለዝሆን ሲሻማ እሱ የሚመርጠው ወንጭፈኞቹን ነው። ጋሻም ጥሩርም የላቸውም፤ ሥራቸው ወርውሮ መሸሽ፣ ዞሮ ደግሞ መወርወር ነው። ጌሙ ድንጋያቸውን ቀስት ከሚደርስበት አሳጥሮ ይጥለዋል፤ እሱም በዚህ ይበግናል።

«ይሄን የሠራው ሰውዬ ወንጭፍ በእጁ ነክቶ አያውቅም» ይላል። የአባቱን በቆሎ ከጦጣ ሲጠብቅ ማማ ላይ ነው ያደገው። እኔ የሱቅ ልጅ ስለሆንኩ «ከሚዛን ድንጋይ ሌላ አንስተህ አታውቅም» እያለ ይሰድበኛል። ስድቡ እውነት ስለነበር የበለጠ ያናድደኝ ነበር።

በመጨረሻ ጌሙን ትተን የራሳችንን ሠራን። ከሱቃችን የለስላሳ ቆርኪ እየሰበሰብኩ ወታደር አደረግናቸው። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፦ ወንጭፈኛ ወርውሮ ቆሞ ከተገኘ ይሞታል። እኔ ረስቼ ያቆምኩትን ቆርኪ በጣቱ ፈንጥሮ «ምን ያስቆምሃል፣ ደደብ» ይለው ነበር።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሳ በአባቱ ማሳ ላይ የመሬት መለኪያ ችካል ተተክሎ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ ከታች በኩል መሣሪያ የያዙ የጸጥታ ኃይሎች ቆሙ። እኔ የሱቁን በር ከውስጥ ቀርቅሬ በስንጥቁ አያለሁ። ሌሎቹ በእጃቸው ሲወረውሩ እሱ ወንጭፉን ይዞ ወጥቷል። ድንጋዩን አሽከርክሮ ለቀቀው። ሌሎቹ ወርውረው ሮጡ። እሱ ግን መዳፉን ግንባሩ ላይ ጋርዶ፣ ድንጋዩ የት እንደሚወድቅ ለማየት ቆመ። ያን ጊዜ በጥይት መቱት።

ለቅሶው ላይ ከሐዘኔ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ሰው ሁሉ አባቱን «ሲሮጥ ነው የመቱት፣ ምንም አላደረገም» እያለ ያጽናናል። አባቱ ሲሰሙ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልመኮ፣ ልጄ፣ አንተ አይተሃል። እየሮጠ ነበር?»

«ቆሞ ነበር፣ አባባ።»

«ለምን ቆመ?»

«ድንጋዩ የት እንደደረሰ ሊያይ።»

ወንጭፍ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ደረሰ?» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዋሽላቸው በሚል ዓይን ያየኛል።

«አልደረሰም» አልኳቸው።