የአጎናፍር ለቅሶ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ በማስተምርበት በላሊበላ ከተማ ነው። ዛሬም ከቤቴ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ቢያንስ ሁለት ሰው ስለ ጉዳዩ ስለሚጠይቀኝ ልርሳው ብልም አልችልም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ላስረዳ። አራት ቅጽ ያለው አንድ ረጅም ልብ ወለድ ነበረኝ። ዋናው ሰው አጎናፍር ይባላል፤ በቅሎ ነጋዴ ነው። ቀልደኛ፣ ተንኮለኛ፣ ደግ። ዓመቱን ሙሉ ከእሱ ጋር ከረምኩ። በአራተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ግን ገደል ገብቶ ሞተ።

ከዚያ በኋላ የማነበው አጣሁ። መጽሐፍ ጠፍቶ አይደለም፤ ከወልድያ በሚኒባስ ሦስት ጥሩ ጥሩ ልብ ወለዶች አስመጥቼ ነበር። የመጀመሪያውን ሃያኛው ገጽ ላይ ተውኩት፤ ሰዎቹ አይቀልዱም። ሁለተኛውን አሥረኛው ላይ፤ ይቀልዳሉ፣ ግን እንደ አጎናፍር አይደለም። ሦስተኛው ላይ በቅሎ ስትመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወዲያው ተሸጠች።

እናም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የፈተና ወረቀት አርሜ እንደጨረስኩ፣ በርጩማ ደጅ አወጣሁና አራተኛውን ቅጽ እንደገና ከፈትኩ። ገደሉ ጋ ስደርስ እንባዬ መጣ። እንባ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። "አጎናፍር! ምነው ጥለኸኝ ሄድህ!" ብዬ ጮህኩ።

አከራዬ እትዬ ዘነቡ ከጓዳ ሮጠው ወጡ። እሳቸው ሁለት ባል የቀበሩ፣ የሰፈሩ ለቅሶ ያለ እሳቸው የማይጀመር ሴት ናቸው።

"ማነው? ማነው የሞተው?"

"አጎናፍር" አልኩ እየተንሰቀሰቅኩ። መጽሐፉ እጄ ላይ ስለነበር ስለ እሱ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።

"ምንሽ ነው ልጄ?"

"እንደ ወንድሜ ነበር።"

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና "ወይኔ ልጄን!" እያሉ ከግቢው ወጡ። እኔ ፊቴን ልታጠብ ገባሁ። ታጥቤ ስመለስ ስምንት ሴቶች ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ያለቅሳሉ።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ላስረዳ..." ስል፣ "አብሽሪ ልጄ፣ አታውሪ። ማውራት ያደክምሻል" ብለው ጎናቸው አስቀመጡኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም አስቀመጡኝ። ማስረዳት እንጀራዬ ነው፤ እንደዚያን ቀን ግን አቅቶኝ አያውቅም።

ቀጥሎ ወንዶቹ መጡ። ከእነሱ መካከል ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጡ እንግዶች በቅሎ የሚያከራዩት ጋሽ ሞላ ነበሩ።

"ሟቹ ሥራው ምን ነበር?" አሉኝ።

"በቅሎ ነጋዴ" የሚለው ከአፌ አመለጠኝ።

ጋሽ ሞላ ራሳቸውን ያዙ። "በቅሎ ነጋዴው አጎናፍር! አውቀዋለሁ እንጂ! ዳማዋን በቅሎዬን የሸጠልኝ እሱ አይደል? ሲስቅ እኮ ከዚህ እስከ ኩልመስክ ይሰማል!"

ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ለቅሶውን አደመቁት። ክፋቱ፣ አጎናፍር እውነትም ሲስቅ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። እኔም ትዝ ብሎኝ እንደገና አለቀስኩ።

"ምን አገኘው?" አሉ ጋሽ ሞላ።

"ገደል ገባ።"

"ከነበቅሎዋ?"

"በቅሎዋ ተርፋለች።"

"ተመስገን!" አሉ ከልባቸው።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊያመጡ ሄደዋል ሲባል ሰማሁ። ወዲያው አባ ኃይለ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፤ ሁሉም ብድግ አለ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። የክርስትና ስሙ ማን ነው? ጸሎት እናድርስለት።"

ሴቶቹ ሲያለቅሱ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ላልተፈጠረ ሰው ቄስ ማስጸለይ ግን ሌላ ነው። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ሰፈሩን በከንቱ ያስለቀሰች አስተማሪ ሆኜ መቅረቴ ነው። የግማሾቹን ልጆች የማስተምረው እኔ ነኝ።

"አባቴ፣ የክርስትና ስም የለውም።"

"ሳይጠመቅ ነው የሞተው?"

"አልተወለደም አባቴ።"

መጽሐፉን አሳየኋቸው። ቅጽ ምን ማለት እንደሆነ፣ ደራሲ ሰውን እንዴት ከሐሳቡ እንደሚፈጥር፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ከዚያ ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ጋሽ ሞላ ዞረ።

"እኔ የማውቀው ሌላ አጎናፍር ነው" አሉ ጋሽ ሞላ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ።

መጀመሪያ የሳቁት አባ ናቸው። መስቀሉ እጃቸው ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከዚያ ሁሉም ተከተለ፤ አንዲት ሴት ብቻ "ኧረ ድንኳኑን አስመልሱ!" እያለች ወደ በሩ ሮጠች።

"ታዲያ ልጄ" አሉ አባ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እሱስ ሞተ። ሌላ የሚነበብ የለም?"

የሦስቱን ልብ ወለዶች ነገር፣ ለምን እንደተውኳቸው ጭምር፣ ነገርኳቸው። እትዬ ዘነቡ ብቻ አልሳቁም።

"የመጀመሪያው ባሌ ተጫዋች ነበር" አሉ። "ሁለተኛው ዝምተኛ። አንድ ዓመት ሙሉ እስኪያጫውተኝ ስጠብቅ ቆየሁ። አንድ ቀን 'ኧረ አንቺ ሴት፣ ምን ልሁንልሽ?' አለኝ። ለካ ሰውዬውን ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም! ሳየው ጊዜ፣ በዝምታው የሚያስቅ ሰው ሆኖ አገኘሁት።"

ይህን ብለው ገቡና ከሁለተኛው ባላቸው የልብስ ሳጥን ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ልብ ወለድ አውጥተው ሰጡኝ። "እሱ ይወደው ነበር። እንኪ አንብቢ፤ በዚያ በአጎናፍርሽ እንዳትለኪው ብቻ።"

መጽሐፉ ውስጥ አርባ ገጽ ሙሉ አንድ ሽማግሌ አጥር ያጥራል። ማንም አይቀልድም። ለምን እንደሚያጥር የገባኝ አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ነው፤ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም አንብቤያለሁ፤ በቅሎ ያለበትም የሌለበትም።

የእነዚያ ሴቶች እንባ ዛሬም ያሳፍረኛል። ግን ለማያውቁት ሰው ያን ያህል ካለቀሱ፣ በዚህ ከተማ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አውቄያለሁ። ደጅ ተቀምጬ ሳነብ እትዬ ዘነቡ ባለፉ ቁጥር "ሁሉም ደህና ናቸው?" ይሉኛል።

"ደህና ናቸው እትዬ" እላለሁ።

በአሁኑ መጽሐፌ አንዲት አሮጊት ማሳል ጀምረዋል። ይህን ግን ገና አልነገርኳቸውም።