ሚኤሶን የሚቀበል ጠፋ

አሁን በማስተምርበት ከተማ ተማሪዎቼ የቃላት እንቆቅልሽ የሚሞሉት በስልካቸው ነው። ሲያገኙት አረንጓዴ ይበራል፣ ሲስቱ ቀይ። አገር የሚሰጥ የለም፣ አገር የሚቀበልም የለም። እኔም በወንበሮቹ መካከል ዝም ብዬ እዞራለሁ። እንዲህ በማደርግበት ጊዜ ሁሉ ጭሮ ትናፍቀኛለች፤ ከነአቀበቷ፣ ከነጭጋጓ፣ ጫት ጭነው ከሚበሩት መኪኖች ጡሩንባ ጋር ትናፍቀኛለች።

ጭሮ የተመደብኩት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ነው። ሽማግሌዎቹ አሰበ ተፈሪ ይሏታል፣ ወጣቶቹ ጭሮ፤ እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየትኛውም ስሟ ስጠራት በምሬት ነበር። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አብዛኞቹ ቤታቸው የሚያወሩት ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የያዙት ከገበያና ከትምህርት ቤት ነው። እነዚህን ልጆች ሰሌዳ ሙሉ «ተለዋጭ ዘይቤ»፣ «ምጸት»፣ «መቼት»፣ «ግነት» እየጻፍኩ ትርጉሙን አስገለብጣቸው ነበር። ይገለብጣሉ። ፈተና ሲመጣ ምጸቱን ግነት፣ ግነቱን መቼት ያደርጉታል።

ቁጡ ነበርኩ፤ ዛሬም አልተሻለኝም። አንድ ቀን የታረመ ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «እናንተን ማስተማር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው» አልኳቸው። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣና፣ ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ፣ «ቲቸር፣ ይሄ የትኛው ዘይቤ ነው?» አለኝ። ንዴቴን ይዤ ለመቆየት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም፤ ሳቅኩ። እነሱም ሳቁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እነዚህ ልጆች የሚፈልጉት ትርጉም ሳይሆን የሚፈቱት ነገር መሆኑ ገባኝ።

ቅዳሜ ከአንድ ግንባታ አጠገብ የሲሚንቶ ወረቀት ለቅሜ፣ አራግፌ፣ በግልባጩ በኩል በማርከር አራት ማዕዘን አሰመርኩበት። አንድ ሳጥን አንድ ፊደል። ወደ ጎን አንድ፦ ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ። ወደ ታች ሁለት፦ ነገርን ከልኩ በላይ አግዝፎ መናገር። ወደ ታች አራት፦ ሰው ያልሆነውን ነገር እንደ ሰው አድርጎ ማውራት። ሰኞ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩትና ክፍሉን በየረድፉ ከፍዬ አወዳደርኳቸው። ያ ሁሉ ሲገለበጥ የኖረ ቃል እንደ ገበያ ዕቃ ሲነጣጠቁት አየሁ።

ማጣፈጫ ብዬ የእንቆቅልሽን ሕግ ጨመርኩበት። ልጅ ሆነን ስንጫወት መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል። ጠያቂው ትንሽ አገር ከሰጡት እምቢ ይላል፣ ደህና አገር እስኪሰጡት ያስለምናል፤ ከተቀበለ በኋላም «እዚያ አገር ገብቼ፣ ያማረው ያማረው ለእኔ፣ የከፋ የከፋው ለእናንተ» እያለ ይቀልድባቸዋል። ተማሪዎቼ ይሄን ከሰሙ በኋላ ቃሉን ከማግኘት ይልቅ አገር መቀበሉ ሆነ የሚያጓጓቸው።

«ሚኤሶን ሰጠናችሁ» ይላል የተሸነፈው ረድፍ።

«አንፈልግም፣ ይሞቃል። ጨምሩ።»

«ሂርናን።»

«ጨምሩ።»

«ድሬዳዋን።»

«ተቀብለናል።»

ሁልጊዜ የሚጀመረው ከሚኤሶ ነው። ማንም አይቀበላትም፣ ሳቁ ያለውም እዚያ ላይ ነው። እኔም እስቅ ነበር። ይባስ ብዬ አንድ ሳምንት «ወደ ታች ሁለት» ለሚለው ምሳሌ ስፈልግ፣ በራሴ እጅ፣ «የሚኤሶ ፀሐይ ድንጋይ ታበስላለች» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ «ግነት!» ብሎ ሲጮህ በራሴ ተደስቼ ነበር።

መስኮቱ ሥር የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረችኝ። ሳጥኖቹን ከሁሉም ቀድማ በዓይኗ ሞልታ ጨርሳ ሌሎቹን የምትጠብቅ ልጅ ናት። ከሚኤሶ መጥታ ጭሮ አክስቷ ቤት እንደምትኖር አውቃለሁ። ከመዝገቧ ላይ አንብቤዋለሁ፣ ስሟን ስጠራ በየቀኑ አየዋለሁ። ያን ቀን ግን አልጮኸችም። ደብተሯን ከደነችና ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። አየኋት፣ አለፍኳት።

በማግስቱ ቀረች። በሳልስቱም ቀረች። ሳምንት ሲሞላት አብራት የምትቀመጠውን ጓደኛዋን ጠየቅኳት።

«ወደ ቤቷ ወርዳለች፣ ቲቸር።»

«አሟት ነው?»

ጓደኛዋ ወለሉን አየች። «አላመማትም። በጨዋታው ነው። ‹እኔ የመጣሁበትን ማንም በነፃም አይፈልገውም› ብላ ነው የሄደችው።»

ክው አልኩ። የክፍል ኃላፊዋን ስጠይቅ ሁለት ሳምንት በተከታታይ የቀረ ተማሪ የዓመቱን ማጠቃለያ እንደማይፈተን ነገሩኝ። ዓመት የደገመች የቆላ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ሽቅብ አትወጣም፤ ይሄን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር፣ ከዚያ በፊት እንዲህ የቀሩ ሦስት ልጆች አይቻለሁ። የቀረኝ አምስት ቀን ነው። ቅዳሜን ሳልጠብቅ ፈቃድ ጠይቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

መንገዱ ቁልቁል ነው። መጀመሪያ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ሻሼን። ሚኤሶ ስደርስ ፀሐይዋ ስለ ድንጋዩ የጻፍኩትን እያስታወሰች አናቴ ላይ ቆመች። ከባድ መኪኖቹ በቆሙበት ጠይቄ፣ የድሮውን የባቡር ሐዲድ ተሻግሬ ቤታቸውን አገኘሁት። አባትየው ፍየል ነጋዴ ናቸው፤ ሂና የነካው ጢም ያላቸው ሽማግሌ። ግራሩ ጥላ ሥር ጀርባዬን ለሐዲዱ፣ ፊቴን ለበራቸው አድርገው አስቀመጡኝ። በወተት የተፈላ ሻይ መጣ። በሩ ላይ መጋረጃ አለ፣ ከመጋረጃው ሥር ሁለት እግር ይታየኛል።

መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋብኝ። «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳቸው። «እርስዎንም እሷንም ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ጨዋታ ነው አሉ» አሉኝ። አስተማሪ ማለት በሆነው የኦሮምኛ ቃል ነበር የሚጠሩኝ፦ «ባርሲስቱ፣ ጨዋታ ከሆነ እኔም ልጫወት። ችግር አለው?»

«የለውም።»

«ሁለት ወንድማማች አለ። ከባሕር ጀምሮ እዚህ ድረስ ጎን ለጎን ተኝቷል። አንድ ቀን እንኳ አልተነካካም። ምንድን ነው?»

አሰብኩ። ሰው ያልሆነውን ሰው አድርገውታል፣ ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ ዘይቤውን አወቅኩት፣ መልሱን አላወቅኩትም። ዓይንና ዓይን አልኩ። አይደለም። ቀንና ሌሊት አልኩ። ሳቁና አገጫቸውን ከኋላዬ ወዳለው ሐዲድ ቀሰሩት። ጀርባዬን ሰጥቼው የተቀመጥኩት ነገር ነው።

«አገር ስጪ» አሉኝ።

«አዲስ አበባን።»

«እዚያ መንገድ ይጠፋኛል። አልፈልግም።»

«ሐረርን።»

«ሐረር ዘመድ አለኝ። አንቺን ሳልጠይቅ እሄዳለሁ። አንቺ የት ነው የተወለድሽ?»

ወሎ ውስጥ፣ ወረኢሉ አካባቢ ያለችውን መንደሬን ስሟን ነገርኳቸው።

«እሱን ስጪኝ።»

እንዲህ ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ሻይን መጠጣት። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ብርዷን እያማረርኩ፣ ጭቃዋን እየሰደብኩ የወጣሁባት መንደር ናት። እናቴ እዚያ አለች። በቀልድም ቢሆን ለማላውቀው ሰው አሳልፌ ልሰጣት፣ ተቀብሎ ሊቀልድባት? ለካ አንጀት የሚበላ ጨዋታ ነው። በየሰኞው ያቺ ልጅ እዚያ መስኮት ሥር ቁጭ ብላ ምን ስትሆን እንደከረመች የገባኝ ያኔ ነው፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ሽማግሌው አልቸኮሉም። መጨረሻ ላይ «ሰጠሁ» አልኩ።

«ተቀበልኩ። ምን አለው አገሩ?»

«ብርድ» አልኩ። «ገብስ። ጭጋግ። እናቴ።»

«እናት አለሽ?»

«አለች።»

ሊቀልዱ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ እኔ እንድሰማው ብለው በአማርኛ፦ «አገሩ ዝናብ ያግኝ። ገብሱን አላህ ይባርከው። እናቷን ጤና ይስጣት፣ ልጇን ታግኝ» አሉ። ከመጋረጃው ኋላ ቀጭን ድምፅ «አሚን» አለ። እኔ አሚን ማለት ሲገባኝ አለቀስኩ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ለዚያች መንደር ሲጸልዩላት የሰማኋቸው የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

ልጅቷ ወጣች። ቦርሳዋን አንግታለች፤ መቼ እንዳዘጋጀችው አላውቅም። «ሰውኛ ዘይቤ ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ፣ ወደ ሐዲዱ እያየች። ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠበቅኩም።

ስንነሳ ነገሩን ለማቅለል ፈልጌ «አባባ፣ አገሬንስ አይመልሱልኝም?» አልኳቸው።

«ልጄ አንቺ ጋ ናት» አሉ። «አገርሽ እኔ ጋ ይቀመጥ።»

ልጅቷ ያን ዓመት ተፈትና አለፈች፣ የሚቀጥለውንም። የሲሚንቶ ወረቀቱ ቀጠለ። አገር መስጠቱም ቀጠለ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የተሸነፈ ሰው መስጠት የሚችለው የራሱን የትውልድ ቦታ ብቻ ሆነ፣ የተቀበለውም በምላሹ ያን ቦታ ይመርቃል። ክፍሉ እንደበፊቱ አይጮህም ነበር። እኔ ዝውውር ደርሶኝ ከጭሮ ስወጣ ልጅቷ ኮሌጅ ገብታ ነበር፤ የአባቷን ስልክ ሰጠችኝ። እናቴ ደውላ ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜ ገባ፣ ገብሱ ደህና ነው ስትለኝ ያን ቁጥር አወጣና አየዋለሁ። ልጅዎ ተምራ ጨረሰች፣ አሁን አገሬን ይመልሱልኝ ማለት እችል ነበር። አላልኩም።