የቁጥር ሰባት ቅጠል

ከመተማ ዮሐንስ መውጫ ኬላ ላይ ፈታሾች ከመኪና ያወረዱኝ በባለቤቴ ደብተር ምክንያት ነው። እሱን ወባ ከወሰደው ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ደብተሩን ጎንደር ላሉት ተመራማሪ ባልደረቦቹ ላደርስ ነበር ጉዞዬ።

ያስገቡኝ ቤት የሰሊጥ መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ነው። በወለሉ ስንጥቅ ገና ሰሊጥ ነበር፤ ጣትን በምራቅ አርሶ መልቀም ይቻላል። ቀን ቀን ግድግዳው ስለሚፋጅ መሀል ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ሦስት ነበርን፦ እኔ፣ አንዲት የከተማው ሙስሊም ባለሱቅ፣ እና ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣች ወጣት። የወጣቷን ቅልጥም ማጭድ ቆርጦታል። ያሰረችበት ጨርቅ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ይሸት ነበር።

ወደ ቢሮው ሲያስጠራኝ መርማሪው ደብተሩን ገልጦ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ቁጥር ሰባት፣ ገለጉ፣ ሃያ ሁለት። ሃያ ሁለት ምን? ሰው? ክላሽ?»

«ሚሊሜትር» አልኩት።

አስረዳሁት። ባለቤቴ ቁስል የሚያመረቅዘውን ተህዋስ በሳህን ያራባል። የቅጠል ጭማቂ የጠጣ ክብ ወረቀት መሀሉ ላይ ያኖራል። በማግሥቱ በወረቀቱ ዙሪያ ተህዋስ ያልበቀለበትን ባዶ ቦታ በማስመሪያ ይለካል። ገለጉ ቦታው ነው፤ ሰባትን የመሰሉት ቁጥሮች ቅጠሉን ያሳዩት የባህል መድኃኒት አዋቂዎች ናቸው። የእነሱንም የቅጠሉንም ስም እንደማይጽፍ ቃል ገብቶላቸዋል፤ ስሙ ከተነገረ መድኃኒቱ ይረክሳል ይላሉ።

«ለቅጠል በጣሽ ይሄ ሁሉ ምስጢር?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና «ሰባት ማን ነው? ንገሪኝና ልጅቷን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እልካታለሁ» አለኝ።

ቁጥር ሰባት አንዲት አሮጊት ናቸው። ስማቸውን ብናገር በማግሥቱ እዚያው ወለል ላይ ከአጠገቤ እንደሚቀመጡ ገባኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

ስመለስ ልጅቷ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች። ለባለሱቋ የተባልኩትን በጆሮዋ ነገርኳት።

«ወላሂ፣ እኔ ሌባዋ ነጋዴ እንኳ እንዲህ ያለ ዋጋ ጠርቼ አላውቅም» አለች።

ልጅቷ ወደ እኔ ቀና አለች። «እታበባ፣ እግሬን ይቆርጡት ይሆን? እኔ እኮ ለአጨዳ ነው የመጣሁ።»

የግንባሯን ላብ በነጠላዬ ከመጥረግ በቀር ምንም አላደረግሁላትም። አመሻሽ ላይ ወደ ሽንት ቤት ስወሰድ ግን ከሚያንጠባጥበው የውኃ በርሜል ሥር በባለቤቴ እጅ አይቼ የማውቀውን የቁጥር ሰባትን ቅጠል በቅሎ አየሁት። ስንት ቀን ሳላስተውለው አልፌዋለሁ።

«ወንድሜ፣ ቅጠል ልቁረጥ?» አልኩት ጠባቂውን።

«የምን ቅጠል?»

ጣቴን በከንፈሬ ላይ አደረግሁ። የቆላ ሰው ነውና ወዲያው ገባው። መድኃኒት ሲቆረጥ አይወራም። ፊቱን አዞረልኝ። ኋላም ሳልጠይቀው የፈላ ውኃና ጨው በጣሳ አመጣ።

ጨርቁን ስናላቅቅ ልጅቷ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቻለችው። አጠብናት፤ ቅጠሉን በባለሱቋ ኩባያ ውስጥ አድቅቄ አሰርኩላት።

«ምን ይባላል?» አለችኝ ልጅቷ።

«ቅጠል።»

«ቅጠልማ እኛም አገር አለ!»

ባለሱቋ ሳቀች። በዚያ ቤት ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአራተኛው ቀን ሽታው ጠፋ፤ ትኩሳቱም ለቀቃት። ቅጠሉ ይሁን ጨውና ውኃው፣ አላውቅም። ባለቤቴ ቢኖር «ለማወዳደሪያ፣ ቅጠል ያልታሰረበት ሌላው ቁስል የታለ?» ብሎ ይሞግተኝ ነበር።

መርማሪው ሊቆጥረን ገባና የታሰረውን እግር አየ።

«ማን አከማት? በምን?»

ጠባቂው ከኋላው መሬት መሬት ያያል። እኔ ብድግ አልኩ።

«በሃያ ሁለት ሚሊሜትር» አልኩት።

የልጅቷን እግር እንደገና አየና በሩን ዘግቶ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ ምክንያቱ ሳይነገረን ሁላችንም ተፈታን። ልጅቷ በእግሯ ሄዳ አውቶቡስ ስትሳፈር አይቻለሁ። ደብተሩን ግን አልመለሱልኝም። ባለቤቴ ሲያነብልኝ እኔ እገለብጥለት ስለነበር፣ የማስታውሰውን ቀስ እያልኩ እንደገና እየጻፍኩ ነው። አንዳንድ ቀን ከአንድ መስመር አላልፍም፤ ድምፁ ይመጣብኛል።

ባለፈው በጋ ገለጉ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ለአሮጊቷ ነገርኳቸው። ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ እሱስ ቃሉን ይዞ ሄደ። አንቺስ?»

«እኔም ይዣለሁ፣ እማማ።»

የቅጠሉን ስም እዚህም አልጻፍኩትም። በአዲሱ ደብተር ከቁጥር ሰባት ፊት ለፊት፣ በእሱ ማስመሪያ ሃያ ሁለት ሚሊሜትር ለክቼ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።